«ኤክስቴንሽን» ማለት ምን ነበር?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ከቀኑ በ11 ሰዓት ተኩል ግድም በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ከሚወጡት ሠራተኞች መካከል ጥቂቶቹ ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ ሳይሆን ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲፈጥኑ ያያል። ከነርሱ አንዱን «ወዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁት፥ «ኤክስቴንሽን አለብኝ» ይልዎታል። አነጋገሩን ልብ ይበሉ፤ እንደ ዕዳ «አለብኝ» ነው የሚለው። ከከተማ ወጣ ብለው አንድ ገበሬ ስለ ኤክስቴንሽን ቢጠይቁ ግን ስለ ማታ ትምህርት አንዳች አያነሣልዎትም፤ እርሱ የሚያስበው ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ሊመክረው ወደ ማሳው የሚመጣውን የግብርና ሠራተኛ ነው። አንዱ ቃል በከተማ ገንዘብ የሚከፈልበት የማታ ክፍል፥ በገጠር የእርሻ ምክር ሆኖ መቅረቱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኝ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ከወዴት እንደ መጣና በመጀመሪያ ምን ማለት እንደ ነበረ ዛሬ ላስረዳ አሰብሁ። ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ቃሉ ሲጠብ አብሮት የጠበበ ሌላ ነገር አለ።

አስቀድሜ ላሳስብ፤ የእንግሊዝ አገርን ታሪክ ስናገር ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የአገራችንን ስናገር ግን በራሳችን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ትርጓሜውም መዘርጋት፥ ማስፋት ማለት ነው። የተዘረጋው ምንድን ነው ቢሉ፥ ዩኒቬርሲቲው ራሱ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ታላላቆቹ ዩኒቬርሲቲዎች፥ ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ፥ በድንጋይ አጥር ውስጥ የተቀመጡ፥ የባለጸጋና የካህናት ልጆች የሚማሩባቸው ቤቶች ነበሩ። ሴቶች አይገቡባቸውም፤ በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ልጁን ወደዚያ ለመላክ ማሰቡም ድፍረት ይመስል ነበር። በ1867 ግን በኬምብሪጅ ያስተምር የነበረ ጄምስ ስቱዋርት የሚባል የ24 ዓመት ስኮትላንዳዊ፥ በሰሜን እንግሊዝ ከሚገኙ የሴቶች ማኅበራት ጥሪ ደረሰው። የፈለጉትም ስለ ማስተማር ዘዴ ንግግር እንዲያደርግላቸው ነበር። እርሱ ግን ስለ ማስተማር ከማውራት አንድ ነገር አንሥቶ ማስተማር ይሻላል ብሎ የሥነ ፈለክን ማለት የከዋክብትን ጥናት ታሪክ መረጠና በሊድስ፥ በሊቨርፑል፥ በማንቸስተርና በሸፊልድ እየተዘዋወረ በየሳምንቱ ያስተምር ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አጋጠመው። በዚያ ዘመን ልማድ አንድ ወጣት መምህር ከወጣት ሴቶች ጋር በአደባባይ ጥያቄና መልስ መለዋወጡ ነውር ተደርጎ ይታይ ነበር። ስቱዋርት ጥያቄዎቹን በወረቀት አሳትሞ ያድላቸው ጀመር፤ ሴቶቹም መልሳቸውን ጽፈው በፖስታ ይልኩለታል፤ እርሱ አርሞ ይመልስላቸዋል። ዛሬ በተልእኮ ትምህርት ለሚማር ሰው ይህ የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን መነሻው ጥበብ ሳይሆን እፍረት እንደ ነበረ ስናውቅ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የሆነው ግን በሮችዴል ከተማ ነው። ሮችዴል የሸማኔዎች ከተማ ነበረች። በዚያም በ1844 እጅግ ጥቂት ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ዱቄት፥ ቅቤና ስኳር የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፍተው የሕብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ነበር። በዓለም ላሉት የሕብረት ሥራ ማኅበራት እንደ አባት የሚቆጠረው ይህ ማኅበር፥ ከትርፉ ከመቶ ሁለት ተኩል ለትምህርት እንዲውል ወስኖ ቤተ መጻሕፍትና የንባብ ክፍል ነበረው። ስቱዋርት በማኅበሩ አዳራሽ ያስተምር በነበረ ጊዜ፥ አንድ ቀን ትምህርቱን እንደ ጨረሰ የሚቸኩልበት ጉዳይ ነበረውና፥ በግድግዳው ላይ የሰቀላቸው ሥዕሎች እስኪመለስ ድረስ በዚያው እንዲቆዩለት የአዳራሹን ጠባቂ ለመነው። በሳምንቱ ሲመለስ ጠባቂው በደስታ ተቀበለው። ሥዕሎቹን ትቶ መሄዱ ካደረገው ሁሉ የሚበልጥ መልካም ነገር እንደ ሆነ፥ የማኅበሩ አባሎች ለሌላ ጉዳይ በተሰበሰቡ ጊዜ ሥዕሎቹን አይተው ሲከራከሩ እንደ ሰነበቱ፥ አሁንም ሊጠይቁት የሚፈልጉት ነገር ስላለ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ቀደም ብለው እንደሚመጡ ነገረው። እውነትም መጡ። መምህሩ በኋላ ባሳተመው ማስታወሻ፥ ከንግግሩ ጋር ተያይዞ የሚደረገው የጥያቄና የውይይት ክፍል የተወለደው በዚያች ምሽት እንደ ሆነ መስክሯል።

አንባቢዬ፥ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። መምህሩ ንግግሩን ካቋረጠ በኋላ ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ እንዲያውም ሰው ገና መማር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሸማኔው ቀን ሙሉ በመሸመኛው አጠገብ ቆሞ ውሎ ማታ የፕላኔቶችን ሥዕል እያየ ከባልንጀራው ጋር ሲከራከር፥ ዕውቀቱ ከመምህሩ እጅ ወጥቶ በእርሱ እጅ ገብቷል። ዩኒቬርሲቲ ተዘረጋ ማለት ይህ ነው፤ አለዚያ የተዘረጋው የመምህሩ መንገድ ብቻ በሆነ ነበር።

ስቱዋርት ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ዩኒቬርሲቲው ተመለሰና ሥራው የአንድ ሰው ልፋት ሆኖ እንዳይቀር ማመልከቻ አቀረበ። በ1873 ኬምብሪጅ ሐሳቡን ተቀብሎ በደርቢ፥ በኖቲንግሃምና በሌስተር ከተሞች መደበኛ ትምህርት ጀመረ። ለንደንና ኦክስፎርድም ጥቂት ዓመታት ቆይተው ተከተሉ። «የዩኒቬርሲቲ ኤክስቴንሽን» የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የእርሻ ኮሌጆችም ለገበሬው ለሚሰጡት ምክር ይህንኑ ስም ወሰዱት። እንግዲህ የኛ ገበሬና የኛ ጸሐፊ ሁለቱም የሚጠሩት ቃል የአንድ አባት ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ በመልካም ቢጀመርም አብሮት የተወለደ ደዌ ነበረበት፤ ይኸውም የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዩኒቬርሲቲዎቹ መምህሩን ይልኩ ነበር እንጂ ወጪውን አይሸፍኑም ነበር፤ አዳራሹም ሆነ የመምህሩ ደመወዝ የሚከፈለው ከትኬት ሽያጭ ነው። ስለዚህ ትኬት መግዛት የሚችለው ሰው በዛ፤ ሠራተኛው እያነሰ ሄደ። በኖርዘምበርላንድ የሚገኙ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከሥራ በኋላ ብዙ መንገድ በእግራቸው እየሄዱ ይማሩ ነበር፤ በ1887 አድማ ሆኖ ደመወዛቸው በተቋረጠ ጊዜ ግን ትምህርቱም አብሮ ተቋረጠ። አዳራሹን ለመሙላት ሲባልም ንግግሩ ጣፋጭ፥ ሰሚው ብዙ፥ ጠያቂው ጥቂት እየሆነ መጣ። ሥዕሎቹ ተሰቅለው ነበር፤ የሚከራከርባቸው ግን ጠፋ።

ይህን ያየ አንድ ጸሐፊ ነበር፤ ጸሐፊ ስል የመጽሐፍ ደራሲ ማለቴ ሳይሆን እንደ እርስዎና እንደ እኔ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ማለቴ ነው። ስሙ አልበርት ማንስብሪጅ ይባላል። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባ፥ የኤክስቴንሽን ንግግር በመከታተል ራሱን ያስተማረ፥ በሕብረት ሥራ ማኅበራት የጅምላ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በ1903 እርሱና ባለቤቱ ፍራንሲስ ከቤት ወጪ ሁለት ሽልንግ ተኩል ቀንሰው የሠራተኞች የትምህርት ማኅበር የሚባለውን መሠረቱ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ ድረስ በሥራ ላይ ነው። ማንስብሪጅ ለዩኒቬርሲቲዎቹ ያቀረበው ቃል አጭር ነበር፤ ሠራተኛው የሚፈልገው የሚያምር ንግግር ሳይሆን እውነተኛ የዩኒቬርሲቲ ትምህርት ነው የሚል ነው።

በጥር ወር 1908 ሪቻርድ ሄንሪ ቶኒ የሚባል በኦክስፎርድ የተማረ ወጣት መምህር ዐርብ ማታ በሎንግተን፥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በዚያችው በሮችዴል ያስተምር ጀመር። ሎንግተን የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ነበረች። የትምህርቱ ሥርዐት እንዲህ ነበር፤ ተማሪው ከ30 ብዙም እንዳይበልጥ፤ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት እንዲማሩ፥ የመጀመሪያው ሰዓት የመምህሩ፥ ሁለተኛው ሰዓት የተማሪዎቹ እንዲሆን፤ እያንዳንዱ ተማሪ በየሁለት ሳምንቱ ጽሑፍ እንዲያቀርብ፤ የሚማሩትንም ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ። ይህም ለሦስት ዓመት ነው። ፈተናም ዲፕሎማም የለበትም። በሸክላ ምድጃ አጠገብ ሲላብ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ስለ ኤኮኖሚ ታሪክ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ይቀመጣል፤ መምህሩም የጻፈውን እንደ ማንኛውም የኦክስፎርድ ተማሪ ጽሑፍ አይቶ ያርምለታል፥ ይከራከረዋል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ መምህሩ ዝቅ ብሎ በጎ አድራጎት የፈጸመ ይመስለዋል። ቶኒ ራሱ ግን እንዲህ አላሰበም። በ1912 ስለ ዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ገበሬዎችና የመሬት ጉዳይ ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ፥ ሸማኔዎቹ፥ ሸክላ ሠሪዎቹ፥ የማዕድን ሠራተኞቹና መካኒኮቹ በወዳጅነት እየተከራከሩ ከመጻሕፍት በቀላሉ የማይገኝ ነገር እንዳስተማሩት በመግለጽ አመስግኗቸዋል። ከታላላቆቹ የኤኮኖሚ ታሪክ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ሰው ሙያውን የተማረው ከፊሉን ከነዚህ ተማሪዎቹ ነው ማለት ነው። ለአንድ ዩኒቬርሲቲ ከሕዝብ ጋር መገናኘት ምን ይጠቅመዋል ለሚል ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ እኔ አላገኘሁም።

የሎንግተን ተማሪዎችም የተማሩትን ለብቻቸው አልያዙትም። በ1911 ከመካከላቸው ፈቃደኞች የሆኑት በዙሪያው ወዳሉት የማዕድን መንደሮች እየሄዱ ራሳቸው ያስተምሩ ጀመር። በዚያ አውራጃ የተተከለው የመማር ፍላጎት አልጠፋም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1949 በዚያው በኪል የዩኒቬርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም፥ የመጀመሪያው ኃላፊ የሆነው ሎርድ ሊንድሴይ በነዚያ የሠራተኞች ክፍሎች ሥራ የቆየ ሰው ነበር። ሌላም አለ። በ1919 ከታላቁ ጦርነት በኋላ ለመንግሥት የቀረበ አንድ የኮሚቴ ሪፖርት፥ የጎልማሶች ትምህርት ለጥቂቶች የሚሰጥ ቅምጥል ነገር ሳይሆን ለሁሉና ለዕድሜ ልክ የሚያስፈልግ ነው ብሎ ነበር። ዛሬ «የዕድሜ ልክ ትምህርት» ሲባል ትናንት የተፈለሰፈ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሁሉ ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

በ1969 ደግሞ ክፍት ዩኒቬርሲቲ የተባለው ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን አስተማረ። ለመግባት የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም፤ ትምህርቱም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። እኔ የሬዲዮ ሰው ስለ ሆንሁ የዚህ ነገር ደጋፊ ብሆን አይፈረድብኝም፤ ሆኖም እውነቱን ለመናገር ሬዲዮ ጆሮ የለውም። እኔ እናገራለሁ፥ እርስዎ ይሰማሉ፥ የእርስዎ ጥያቄ ግን ከሳሎንዎ አይወጣም። መሥራቾቹም ይህን ስለሚያውቁ ለእያንዳንዱ ተማሪ ጽሑፉን አይቶ በፖስታ የሚመልስለት አስተማሪ መድበው ነበር። ስቱዋርት በእፍረት ምክንያት የጀመረው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ የአንድ ታላቅ ዩኒቬርሲቲ ምሰሶ ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሲመሠረት ሥራው ማስተማር፥ መመራመርና ኤክስቴንሽን ነበር፤ ይህ የመጨረሻው ተግባር በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ኮሌጁ የገበሬውን ጥያቄ በቀጥታ የሚሰማበት አንድ መንገድ በዚያን ጊዜ የጠበበ ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

የጎንደር ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጎንደር የተከፈተው በዕቅድ ብቻ አልነበረም። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ በጣና ዳርቻ በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሶ ነበር። እንግዲህ በጎንደር ጥያቄውን ያቀረበው ሕዝቡ ነው፤ ያቀረበውም በቃል ሳይሆን በሬሳው ነው። የኮሌጁም ሥርዐት በዚሁ ተቀረጸ። የጤና መኮንኖች፥ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞች በአንድነት ይሠለጥናሉ፤ ከዚያም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። የጤና መኮንኑ በሽተኛ ሲመረምር ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ የንጽሕና ሠራተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሄድ ወባውን ከትንኟ፥ ትንኟን ከውሃው፥ ውሃውን ከሰፈሩ አያገናኝም ነበር። ኮሌጁ ዛሬ የጎንደር ዩኒቬርሲቲ ሆኖ አድጓል፤ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ መላኩም እስካሁን አልቀረም።

በአዲስ አበባ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቬርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቬርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ደነገገ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በመምህርነት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ አገሩን ያወቀበት ዓመት እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን ያ ተማሪ ከገጠር ይዞት የተመለሰውን ጥያቄ በአራተኛ ዓመት ትምህርቱ ውስጥ የሚያቀርብበት ቦታ ያገኝ ነበርን? የሮችዴልን ነገር ካነበብሁ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። በ1967 ዓ.ም. የተማሪዎቹና የመምህራኑ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ፤ የእርሱ ነገር ሰፊ ነውና ለሌላ ጊዜ ይቆየን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ከማስተማርና ከምርምር ጎን የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቬርሲቲ ሥራ አድርጎ ደንግጓል። በየዩኒቬርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ለችግረኛው ነጻ የሕግ ምክር መስጠታቸው የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ባለጉዳዩ እርዳታ ሲያገኝ ተማሪው ደግሞ ሕጉ በመጽሐፍ እንደ ተጻፈ እንደማይኖር ይማራል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለምን እንደ ሆነ ልናዘዝ። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረጃ ዕድገት ፈልጌ በአንድ የማታ ትምህርት ቤት ተመዝግቤ ነበር። መምህራችን ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ ማስታወሻ ያነብልናል፥ እኛ እንጽፋለን። አንድ ቀን ከአጠገቤ የሚቀመጥ፥ በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጎልማሳ እጁን አነሣና ስለ ዋጋ የተነበበልን ነገር በእርሱ ሰፈር ከቦኖ ውሃ ለሚቀዱት ሰዎች እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። መምህሩ ግን ሰዓቱን አይቶ «ይህ ለፈተና አይመጣም» አለው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ እጁን ሲያነሣ አላየሁም። እኔም በሁለተኛው መንፈቅ ትምህርቱን ተውሁት። ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን በመምህሩ ላይ ስጥል ኖርሁ፤ አሁን ግን ያች ሳቅ ታሳፍረኛለች። እኔ የፈለግሁት ወረቀቱን ነበር፤ ጥያቄው መንገዴን የሚያስረዝምብኝ መሰለኝ።

በማታ ክፍል የሚቀመጥ የመንግሥት ሠራተኛ ከቀን ተማሪው የሚለይበት ነገር አለ። ገቢዎች መሥሪያ ቤት 10 ዓመት የሠራ ሰው ስለ ግብር መምህሩ የማያውቀውን ያውቃል፤ መዝገብ ቤት የሚሠራው አንድ የመሬት ጉዳይ ለምን ሦስት ዓመት እንደሚፈጅ ያውቃል፤ ነርሷ መድኃኒቱ ለምን ሳይዋጥ እንደሚቀር ታውቃለች። ሎንግተን ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ለቶኒ የሰጡት ይህንን ነው። እርስዎ ይህን በከረጢትዎ ይዘው ገብተው ሳይከፍቱት ከወጡ፥ ትምህርቱም ከአጥሩ አልወጣ፥ ሥራዎም ወደ ክፍሉ አልገባ።

ባለፈው ወር ወደ አንድ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የክፍያውን መጠን፥ የሚጠየቀውን ማስረጃ፥ የትምህርቱን ቀናት ነገሩኝ። እኔም «ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ ተማሪ የሚናገርበት ስንቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። መዝጋቢዋ ብዕሯን አስቀምጣ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችኝና፥ «እሱን እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ መምህሩን መጠየቅ ይኖርብዎታል» አለችኝ። ስሙንና የሚገኝበትን ቀን ጻፈችልኝ፤ ሐሙስ ማታ እሄዳለሁ።